የአንድ ሰዓት መንገድ

ሰው ሁሉ ርቀትን የሚያውቀው በእግሩ ነው። እኔ ግን የጂኦግራፊ መምህር ነኝና በማስመሪያ አውቀዋለሁ። ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ካርታው ላይ ለክቼ፣ በአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍዬ፣ መንገዱ አንድ ሰዓት እንደማይሞላ ለሠፈሩ ሁሉ አውጄ ነበር። ከሒሳብ ጋር ማን ይከራከራል?

ዘመኑ የደርግ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ፋብሪካ የሚሠራው የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ያለች ልጅ ወድዶ ሽማግሌ ላኩልኝ አለ። የልጅቷ አባት ግን አስቀድመው፣ አንዲት ልጄን ዓባይ ማዶ አልሰጥም፣ ብትታመም እንኳ ማን ይደርስላታል ማለታቸውን ሰምተናል። ችግሩ ርቀት ከሆነማ መድኃኒቱ እኔ ነኝ! ተናጋሪው እኔ እንድሆን ተወሰነ።

አብረውኝ የተመረጡት ሽማግሌ ከጣና ዳር ደብሮች የአንዱ አለቃ ናቸው። በአውሮፕላን እንሂድ ብዬ ብለምናቸው አሻፈረኝ አሉ። ለእሑድ ጠዋቱ ቀጠሮ ዓርብ በአውቶቡስ ተሳፍረው፣ የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው፣ ቅዳሜ ማታ ሊገቡ ነው። አሳዘኑኝ። እኔ እሑድ ቁርሴን ቤቴ በልቼ እደርስብዎታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

እሑድ ጠዋት አውሮፕላኑ ተነሣ። በመስኮት ቁልቁል ባይ ጣና ነው። ቆይቼ ባይም ጣና ነው። ለማያውቅ ልንገር፤ ጣና ከባሕር ዳር በስተ ሰሜን ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ በስተ ደቡብ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግራ የተጋቡ ስለመሰለኝ፣ አብራሪው ነፋስ ሊይዝ እየዞረ ነው ብዬ አስረዳኋቸው። መምህር መሆኔንም አልደበቅሁም። ወዲያው ጎንደር አረፍን። ለካ የዚያን ቀን በረራው በጎንደር በኩል ኖሯል፤ እናትየውም ወትሮም ጎንደር ወራጅ ነበሩ። ስለ ነፋሱ አመስግነውኝ ወረዱ።

ጎንደር ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ጓድ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ አውሮፕላኑ እሳቸውን ይጠብቃል ተባለ። የስብሰባን ርዝመት የሚለካ ማስመሪያ ገና አልተሠራም። መቼ ያልቃል ብሎ የጠየቀ ሰው ደግሞ በራሱ ላይ ሌላ ስብሰባ ይጠራበታል። ጥላ ሥር ተቀመጥን። የልጁ ትዳር በእኔ ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ምላሴ ጎንደር ቀርታለች።

ከልጅቷ ቤት ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። መቼም ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ጉዳዩን የምናገረው እኔ፣ እኔ ደግሞ ጎንደር። ስለዚህ አለቃ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆመው ለሚያድሩ ሰው ይህ ምናቸው ነው? የተጎዱት የልጅቷ አባት ናቸው። ሽማግሌ በቤታቸው ቆሞ እሳቸው እንዴት ይቀመጡ? እግራቸው አብጦ ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸው።

እጅ ነሥቼ ንግግሬን ጀመርሁ። ባሕር ዳር ጎረቤት ናት፣ መንገዱ አንድ ሰዓት አይሞላም አልሁ። አባትየው በመስኮቱ ፀሐይዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ መቼ እንደተነሣሁ ጠየቁኝ። ዛሬ ጠዋት ከማለት በቀር ምን እላለሁ? አለቃ መቋሚያቸው ላይ አቀርቅረው ሳቃቸውን ሲውጡ አይቻለሁ።

ልጅቷን ሰጡን፤ ሁላችንም ተቀመጥን። የሰጡት ለእኔ ካርታ ሳይሆን ለአለቃ እግር እንደሆነ አልጠፋኝም። ቢሆንም መንገዱ ዛሬም አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። አባትየው ግን ሲሸኙን አንድ ነገር አደራ አሉ፤ ልጄን ውሰዱ፣ ቶሎ እንድትገባ ከፈለጋችሁ ግን በአውቶቡስ አሳፍሯት።