ሁለት ደቂቃ የማይበቃቸው ሰው

የወንዝ ዳር ሸንበቆ፣ ነፋስ ያወዛውዝሽ፣
እምም… እምም… እምም… ማን አለ የሚያግዝሽ።

የሁለተኛው ስንኝ ወገቡ ጠፍቶባቸዋል። ጠዋት ጢማቸውን ሲላጩ ይጀምሩታል፤ አገጫቸው ጋ ሲደርሱ ቃሉ ያመልጣቸዋል፤ በእምምታ ተሻግረው መጨረሻው ላይ ቤት ይመቱለታል። ምድር ቤቱን የያዘችው ታናሽ እህታቸው ይህ እንጉርጉሮ በደረጃው ወርዶ ስፌት መኪናዋ ዘንድ ሲደርስ ልቧ ድንግጥ ይላል። ጋሼ በማለዳ ካንጎራጎሩ የስብሰባ ቀን ነው።

በዚህ ዓለም ላይ ለተሠራ አዳራሽ ሁሉ አንድ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ተመድቦለታል። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ከሌለ…» ይላል። ሰው ኮቱን ያነሣል፤ ወንበር ይንኳኳል። ያን ጊዜ ከመሀል ረድፍ አንድ እጅ፣ ከተራራ ጀርባ እንደምትወጣ ጨረቃ፣ ሳይቸኩል ብቅ ይላል። «አንድ አጭር ጥያቄ ነበረኝ።» አዳራሹ በአንድ አፍ ያቃስታል። እኚህን ሰው የማያውቅ የለም። በየሰፈሩ መልካቸው ይለያይ ይሆናል፤ እጃቸው ግን አንድ ነው።

የኛው፣ ክቡርነታቸው፣ ጋሽ ጥያቄ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ሰዓት ሲያስተካክሉ ኖሩ፤ ንግግራቸውን ግን ሰዓት ገድቦት አያውቅም። የሕንፃው ነዋሪዎች ስለ ውኃ ፓምፕ ሲሰበሰቡ ከቧንቧ ታሪክ ተነሡ። ፓምፑን ሊሠራ የመጣው ባለሙያ መፍቻውን ሰብስቦ ሲወጣ ገና ከመሬት በታች ነበሩ። በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ደወሉ ሰዓት አለመጠበቅ ረዥም ሐሳብ ሰጡ፤ በዚያ ትምህርት ቤት ልጅ የላቸውም። የጎረቤት ልጅ ስትዳር ደግሞ የጋብቻ ሹሙ ለወጉ ያህል «ተቃውሞ ያለው አለ?» ሲል ያ እጅ ወጣ። ሙሽራው ዐመድ መሰለ።

«ተቃውሞ እንኳ የለኝም» አሉ ክቡርነታቸው። «ማብራሪያ ግን እፈልጋለሁ።»

በዚህ ሁሉ ጊዜ እህታቸው ከጎናቸው ናት፤ የኮታቸውን ጫፍ ወደ ታች ትጎትታለች። «ጋሼ፣ በእናትህ ተቀመጥ!» ከመጎተት ብዛት የኮቱ የኋላ ስፌት ይተረተራል። ማታ ወስዳ የምትሰፋውም እሷው ናት።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር።

ባሏ የሞተ ጊዜ የመድን ኩባንያው የሕይወት ዋስትናውን ከፈላት። ጋሽ ጥያቄም በገንዘቡ ኩባንያው የሚሸጠውን የቅድሚያ አክሲዮን እንድትገዛ መከሯት። የቅድሚያ አክሲዮን ድምፅ አያሰጥም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ከሌላው ባለአክሲዮን በፊት በየዓመቱ የተቆረጠለትን ድርሻ ይወስዳል። የሽያጭ ሠራተኛውን በጥያቄ ላብ በላብ አድርገው «ተመልሶ አይወሰድም፣ ለዘላለም ነው» አሰኙት። ከዚያ ወደ እህታቸው ዞሩ፦ «ሰማሽ? የቤት ኪራይሽን ይሄ ይከፍላል። ቃሌ ነው።»

እውነትም ሲከፍል ኖረ። ዘንድሮ ኩባንያው በጋዜጣ ላይ ብቅ አለ። እነዚህን አክሲዮኖች ድሮ በሸጠበት ዋጋ መልሶ ሊወስድ አስቧል፤ ገበያ ላይ ግን እጥፍ ያወጣሉ። ባለቤቶቹ ተቆጡ። ከእህትዬዋ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖረው፣ እሱም አክሲዮኑን የገዛ ጡረተኛ ሾፌር ደረጃው ላይ ቆሞ ጮኸ፦ «ይሄ እኮ በሬህን ጥጃ በነበረበት ዋጋ ሽጥልኝ ማለት ነው!» ጋሽ ጥያቄ ግን አልጮኹም። እህታቸውን ያስፈራት ይሄ ነው። የስብሰባው ዕለት ያችን ዜማ አንጎራጉረው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ፤ እህታቸውም ተከተለቻቸው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊት ለፊት ድምፅ ያላቸው ትልልቆቹ ባለአክሲዮኖች፤ ከኋላ መናገር እንጂ መምረጥ የማይፈቀድላቸው የቅድሚያዎቹ። የቦርዱ ሰብሳቢ ጫማውም ንግግሩም የሚያብለጨልጭ ጎልማሳ ነው። «ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ» አለ በትሕትና። «ከዚያ ድምፅ፣ ከዚያ ምሳ።» ከጎን ካለው ክፍል የጥብስ ሽታ መግባት ጀምሯል።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ አንድ አጭር ጥያቄ ነበረኝ» አሉ ጋሽ ጥያቄ፣ ማይክሮፎኑን እንደ አበባ ይዘው።

አንዱን ደቂቃ ሰላምታ ጨረሰው። ሌላውን «መድን ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለው። ደወሉ አቃጨለ።

«ይቅርታ አባቴ፣ ሰዓትዎ አልቋል።»

ከፊት ረድፍ ሳቅ ተሰማ። እህታቸው ቀና ብላ አየቻቸው። ከፀጉር የቀጠነ የሰዓት ሽቦ በእርጋታ የሚያቀኑት እነዚያ ጣቶች ማይክሮፎኑን አንቀው ይዘዋል። «ጥያቄው ጋ አልደረስኩም» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «ለእህቴ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ቀጣይ ተናጋሪ» አለ ሰብሳቢው፤ ስም ጠራ።

የእሷ ስም ነው! ጋሼ ሳይነግሯት አስመዝግበዋት ኖሯል። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ብቻ ሳምንት ታኮርፋቸው ነበር። በአደባባይ ተናግራ አታውቅም። ተነሥታ አጠገባቸው ሄደች፤ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ኮታቸው ጫፍ ሄደ። ሁሉም ልትጎትታቸው መሰለው። እሷ ግን የተጨማደደውን ጀርባ በመዳፏ አቃናችላቸው።

«እኔ… ሁለት ደቂቃዬን ለወንድሜ ሰጥቻለሁ።»

ሰብሳቢው ወደ ኩባንያው ጠበቃ ዞረ። ጠበቃው ወረቀት አገላበጠና ትከሻውን ሰበቀ፤ የሚከለክል ደንብ የለም።

«የኔንም!» አለ ሾፌሩ ከኋላ።

«የኔንም ጨምሩላቸው!» አለች አንዲት ነርስ።

ከኋላ እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። ያ ስንት ዘመን ሰው ሲያቃስትበት የኖረ አንደበት መንገድ ተለቀቀለት። ጋሽ ጥያቄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያማ ማን ይይዛቸዋል! ከመድን ትርጉም ወደ እምነት ትርጉም፣ ከእምነት ወደ ሚስታቸው አባት፣ ከሚስታቸው አባት ወደ ግድግዳ ሰዓት ተሻገሩ። አስተናጋጁ በበሩ አንገቱን አስግጎ ተመለሰ። ጥብሱ ቀዘቀዘ። የትልልቆቹ ሆድ በየተራ አጉረመረመ።

«እኔ» አሉ በመጨረሻ፣ «የስንቱን ሰዓት ተቀብያለሁ። ባለቤቱ ሊወስድ ሲመጣ ‹ሰዓትህ አሁን ውድ ሆኗል፤ የገዛህበትን እንካና ሂድ› ብዬ አላውቅም። እርስዎ፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ ሰዓትዎን እንዲህ ለሚል ሰው ይሰጡ ነበር?»

ሰብሳቢው ሳያስበው የእጅ ሰዓቱን በእጅጌው ሸፈነ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት ረድፍ አንድ ግዙፍ ባለአክሲዮን እየሳቀ ተነሣ።

«ሰብሳቢ፣ እውነታቸውን ነው፤ እኔም እንደዚያ ቢያደርጉኝ አልወድም። በሉ ይሄን ነገር ተዉላቸውና ምሳችንን እንብላ! ድምፄን ከፈለጋችሁ ከእሳቸው ጋ ነኝ።»

የቦርዱ አባላት ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጠሙ። ሰብሳቢው ተነሣ፦ «ቦርዱ ሐሳቡን ስቧል። አክሲዮኖቹ ባሉበት ይቀጥላሉ።»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ሆነ። ነርሷ ሾፌሩን አቀፈችው፤ ሾፌሩ ደግሞ የማያውቀውን ሰው። በጭብጨባው መሀል አንድ እጅ ወጣ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ለምን እንደተሳበ ማብራሪያ…»

ማይክሮፎኑን አጠፉት።

ምሳ ክፍሉ ውስጥ ጋሽ ጥያቄን ለመጨበጥ የማይሻማ አልነበረም። በአንድ እጃቸው ባዶ ሳሕን፣ በሌላው የሰው እጅ ይዘው፣ እንደቆሙ ያልደረሱበትን ክፍል ለአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ያስረዳሉ። ፊታቸው ከረሀብ የተነሣ ገርጥቷል። እህታቸው ሕዝቡን በክርኗ ከፍላ ደረሰች፤ ሳሕኑን ተቀበለቻቸው፤ ከተረፈው ሩዝና ሥጋ ቆልላ፣ መስኮቱ ሥር ካለ ጠረጴዛ ላይ አኖረችላቸው።

«ጋሼ፣ ና።»

«ይቺን ነጥብ ልጨርስና…»

«ኪራዬ ዳነ እኮ፣ ጋሼ!» ድምጿ ተሰበረ፤ ወዲያው ሳቀች። «እንዳንተ ያለ ሰው ለጠላቴም አይስጠው። ለኔ ግን አያሳጣኝ።»

ጋሽ ጥያቄ የሒሳብ ሠራተኛውን እጅ ለቀቁ። ወንበሩን ሳቡ፤ ኮታቸውን አውልቀው ጀርባው ላይ አንጠለጠሉት፤ ቁጭ አሉ። ሩዙ ቀዝቅዟል፤ ሥጋው ጠንክሯል። እህታቸው ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ዳቦውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችላቸው። እሳቸውም ማንኪያቸውን አንሥተው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ መብላት ጀመሩ።