ያልበረሩት ካፒቴን

የትም ሰፈር ቢሆን፣ እግሩ ያልረገጠውን አገር መንገድ አብጠርጥሮ የሚናገር አንድ ሰው አይጠፋም። በዚህኛው ሰፈር ሹመቱ የፀጉር አስተካካዩ ነው። ሙሉ ማዕረጋቸው "ክቡር ካፒቴን" ሲሆን፣ አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም።

ማዕረጉን የሰጠቻቸው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሁለቱን ሱቆች የሚለያቸው አንድ ስስ ጣውላ ስለሆነ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳትወድ በግዷ አብራቸው ስትበር ኖራለች። ደንበኛ ገና ወንበር ላይ ሲቀመጥ መቀሱ ይቆማል።

"ከዚህ እዚያ፣ አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር! አሥራ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ነፋስ ከፊት ከመጣ ሃያ ደቂቃ ጨምርበት።"

አንዱን ሙሽራ እሳቸው ውቅያኖስ ሲሻገሩ ሚዜዎቹ ግማሽ ጢሙን እንደተላጨ መጥተው ወስደውታል። ሌላ ቀን በእርግጥም የበረረ አንድ ነጋዴ፣ "እኔንስ ሃያ ስድስት ሰዓት ነው የፈጀብኝ" ቢላቸው፣

"ትራንዚት አድርገህ ነዋ! እሱ መጠበቅ እንጂ መብረር ነው እንዴ?" ብለው አፉን አስያዙት።

"ኧረ ካፒቴን፣ አንዴ እንኳ ይረፉ፣ ጆሮዬ ደነዘዘ!" ትላለች ልብስ ሰፊዋ ከጣውላው ወዲያ።

"እዚያ" የሚሉት አንዲት ልጃቸው ነርስ ሆና የምትሠራበትን ከተማ ነው። ዘንድሮ፣ ከሄደች በስድስት ዓመቷ፣ ለአሥር ቀን መጣች። በእነዚያ አሥር ቀናት ከካፒቴኑ ሱቅ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልተሰማም።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሳ በረረች። በማግሥቱ ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ስትከፍት፣ "አሁን በረሃውን ጨርሳለች" የሚል ድምፅ ሰማች። ቆይቶ ደግሞ፣ "አሁን ባሕሩ ላይ ናት።" ደንበኛ የለም፤ የሚያወሩት ለመስታወቱ ነው።

ከቀኑ ሰባት ከአሥር፣ የመድረሻዋ ሰዓት ሆነ። ስልክ የለም። ሰባት ተኩል ሲሆን ከጣውላው ወዲያ ጭጭ አለ። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ሰክታ ተሻገረች። ካፒቴኑ በደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

"ነፋስ ከፊት መጥቶ ይሆናል" አለቻቸው።

"እሱንማ ደምሬዋለሁ።"

"ፓስፖርት ማሳየቱስ? ሻንጣ መጠበቁስ?"

ቀና ብለው አዩዋት። "እሱን... አላውቀውም፣ ልጄ።"

"እኔ አውቀዋለሁ" አለች ከከተማው ወጥታ የማታውቀው ሴት። "ሃምሳ ደቂቃ ነው። ሰልፍ ካለ ሃምሳ አምስት።"

አመኗት። እሷም አብራቸው ቁጭ አለች፤ ለከሰዓት የተቀጠረው ቀሚስ ሳይዘመዘም ቀረ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ፣ ደረስኩ!"

"መቼ ነው የምትመለሺው?" አሉ ካፒቴኑ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ።

ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች። "ገና አሁን መድረሴ እኮ ነው፣ አባዬ!" ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። ካፒቴኑም ስልኩን ለልብስ ሰፊዋ አቀበሏት።

"አለሁ፣ እህቴ" አለቻት። "እዚሁ አጠገባቸው ነኝ።"