የጥድ ሥር ትምህርት ቤት ጋዜጣ ፊት ገጽ የማን እንደሚሆን የተመከረበት ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡30
ቦታ፦ የካ፣ ጥድ ሥር ትምህርት ቤት፣ ኮምፒውተር ክፍል

በክብር ቅደም ተከተል የተገኙ፦ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ክቡር አቶ ከበበ፣ ርዕሰ መምህርት ወ/ሮ ታደለች፣ የአገር ሽማግሌ ኦቦ ሊሊሳ፣ የኮምፒውተር መምህርት ሰኚ፣ የስምንተኛ ክፍል ተጠሪ ተማሪ መቅደላዊት፣ እንዲሁም ጸሐፊው ማስተዋል። አንድ አባል ወሰን ሰፈር ታክሲ አጥተው ቀርተዋል፤ ከሰባቱ ስድስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

1. የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለኮምፒውተር ትምህርት ሁለት ወር የደከሙበት፣ ራሳቸው ጽፈው ገጹንም ራሳቸው ያቀናበሩት ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ ሰኞ እንዲታተም ስለ ማጽደቅ።

አቶ ከበበ ልጆቹን ካመሰገኑ በኋላ «የእኔ ፎቶ የታል?» ሲሉ ጠየቁ። መቅደላዊት «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ምንም አልጻፉም» ስትል መለሰች። ወ/ሮ ታደለች ጋዜጣ የሚከፈተው በኃላፊ ፎቶ መሆኑን አስረዱ። ከሰፊ ውይይት በኋላ የሦስቱ የክብር አባላት ፎቶ እንዲገባ ተወሰነ።

2. የፎቶ መጠን።

ወ/ሮ ታደለች የሰብሳቢው ፎቶ የእርሳቸውን በሁለት ጣት መብለጡን በቅሬታ ገለጹ። አቶ ከበበ «የሰፋው ፊቴ ነው እንጂ ፎቶው አይደለም» ሲሉ ተከላከሉ። ኦቦ ሊሊሳ «ባርኔጣዬን ካወለቅሁ ሚስቴም አታውቀኝም» በማለታቸው ተጨማሪ ቁመት ተፈቀደላቸው። መምህርት ሰኚ «ታዲያ የልጆቹ ሥራ የት ሊገባ ነው? ማርክ የሚያገኙት እኮ በዚህ ነው!» ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ ማድረጋቸው ተመዝግቧል።

3. የተማሪዎች ተሳትፎ።

ልጆቹ እንዳይከፋቸው፣ ጽሑፋቸው ወጥቶ ፎቶዎቹ በቦታው ሲገቡ፣ የፊት ገጹ ትልቅ ርዕስ ግን አንድ ፊደል ሳይነካ እንዲቆይላቸው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ርዕሱ ምን እንደሚል የጠየቀ አባል አልነበረም።

መቅደላዊት ውሳኔውን እዚያው ፈጽማ ስክሪኑን ወደ ጉባኤው አዞረች። ከሦስቱ ፎቶዎች በላይ እንዲህ ይነበባል፦ «ቤተ መጻሕፍታችንን ሁለት ዓመት የቆለፉብን እነማን ናቸው?»

ኦቦ ሊሊሳ «ልጄ፣ መጀመሪያ የእኔን አውጪው፤ በዕድሜ እበልጣለሁ» አሉ። አቶ ከበበ በማዕረግ ቀዳሚው እርሳቸው መሆናቸውን አስታወሱ። ወ/ሮ ታደለች ርዕሱ ብቻ እንዲሰረዝ ሐሳብ ቢያቀርቡም፣ መምህርት ሰኚ «እሱን ብቻ ከሰረዝን ቁልፉ በኪሳችን ነው ማለት ይሆናል» በማለታቸው ደጋፊ አላገኙም።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከተራ ቁጥር 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ጋዜጣው ያለ አንዳች የክብር ፎቶ፣ ልጆቹ እንዳዘጋጁት ሰኞ ይታተማል።

ጉባኤው ተሰብሳቢዎችን ከልብ አመስግኖ፣ ለወጣት አዘጋጆቻችንም የሠመረ ኅትመት ተመኝቶ በ11፡10 ተበትኗል። ወ/ሮ ታደለች ቁልፉን ለመፈለግ በ11፡05 ቀድመው ወጥተዋል።