በሽታ ማባረሪያው ጭስ

እኛ አሶሳዎች ዝናቡ ካበቃ ወዲህ ጉዳያችን ሁሉ ከክብሪት ጋር ነው። ገበሬው አዲስ ሣር እንዲበቅልለት ሜዳውን ይለኩሰዋል፤ ለከሰል አክሳዩ ደግሞ የዕለት ጉርሱ ነው፤ የግቢዋ እመቤት የማንጎ ቅጠል መጥረግ ሲታክታት ጥግ ላይ ከምራ እሳት ትለቅበታለች። በዚህ ላይ የኮረኮንቹ አቧራና የአሮጌ ባጃጅ ጭስ ሲጨመርበት የነጭ ልብስ ነገር አይነሳ። ደግሞ ሁሉም ምክንያት አለው። ክብሪት የያዘ ሰው ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

የእኔ ምክንያት ግን፣ ጉራ አይሁንብኝና፣ ከሁሉም የከበረ ነበር። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ ይዘዋቸው ከመጡት ጥቂት ነገሮች አንዱ በህዳር ሚካኤል ቆሻሻ አቃጥሎ በሽታን ማባረር ነው፤ «ህዳር ሲታጠን» የምትሉት። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝና ዓመቱን ሙሉ አጠራቅማለሁ፤ ፌስታሉን፣ የተቀደደ ጀሪካኑን፣ የላስቲክ ጫማውን። አንድ ዓመትማ አሮጌ የባጃጅ ጎማ አግኝቼ ደስታዬን አልችለው ብዬ ነበር። ጭሱ በጠቆረ ቁጥር በሽታው አብልጦ የሚሸሽ ይመስለኛል። በሰፈሩ እንደኔ የሚያጤስ አልነበረም።

የአጥር ጎረቤቴ አባ አደም ይባላሉ። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ሰባን የተሻገሩ፣ ቁጥብ፣ ማንጎ ሲደርስ የመጀመሪያውን ባልዲ ለእኛ ሳይልኩ የማይቀምሱ ሰው። በየዓመቱ ታዲያ በሚካኤል ዋዜማ መንጌ ወረዳ ወደምትኖረው ልጃቸው ወደ ሀዋ ይሄዳሉ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይተው ይመለሳሉ። «የአባት ፍቅር ማለት ይህ ነው» እያልኩ ለሚስቴ ስንቴ አውርቻለሁ መሰላችሁ። እንዲያውም ለሀዋ ያድርሱልኝ ብዬ ስኳር አስይዛቸው ነበር። ሞኝነቴን እዩልኝ!

አምና ሀዋ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ራሷ ወደ አባቷ ቤት መጣች። አባ አደምም መሄጃ አጡ። እኔ ይህን መች አወቅሁና፣ በማለዳ ክምሬን ለኮስኩት። ነፋሱ ወደ እነሱ ግቢ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሀዋን ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። አባ አደም በርጩማ ላይ ሆነው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ትንፋሽ እየጎተቱ ሳሉ ደረስኩ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ደግፌ ባጃጅ ላይ አሳፈርኳቸው፤ መንገዱን ሙሉ ሚካኤልን ስለምን ልብሴ ራሱ ጎማ ጎማ ይሸተኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ተደረገላቸው። ነርሷ አስም እንዳለባቸው ከካርዳቸው ካየች በኋላ ላስቲክ ያቃጠለው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ፊቴ ተናግሮብኝ መሰለኝ፣ ለብቻዬ ወሰደችና አስረዳችኝ። ዓይን የሚያየው ጥቁሩን ጭስ ቢሆንም፣ ዓይን የማያየው ብናኝ ግን ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ልብንም አይምርም። የላስቲክ ጭስ ደግሞ መርዝ አለው፤ ጥላሸቱ ቅጠሉም አፈሩም ውሃውም ላይ ያርፋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ሀዋ ኮሪደሩ ላይ የቀረውን ነገረችኝ። አባቷ በየዓመቱ መንጌ የሚመጡት እሷ ናፍቃቸው ሳይሆን የእኔን ጭስ ሸሽተው ኖሯል። ስኳሩንም ከነሰላምታዬ ያደርሱላት ነበር።

ትንፋሻቸው መለስ ሲል አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ ምነው ቢነግሩኝ ኖሮ አልኳቸው።

«አንተ በሽታ ታባርራለህ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እንዴት አታባርር እላለሁ?»

አለቀስኩ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አያምርም፣ ግን አለቀስኩ።

ዘንድሮ ቅጠሉን ለማዳበሪያ ጉድጓድ አስገባሁት፣ ፌስታሉን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሰጠሁ። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞርኩ ጎረቤቱን ሁሉ ለመንኩ። አንዷ ጎማ ማቃጠል ያስተማርከን አንተ አይደለህም ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ግማሹ እሺ አለኝ፣ ግማሹ እንደ ወትሮው ለኮሰ። አባ አደም ግን መንጌ አልሄዱም፤ የሀዋን ልጅ ታቅፈው በረንዳቸው ላይ ዋሉ፣ እኔም አጠገባቸው።

ወደ ረፋዱ ላይ ከታች ሰፈር ቀጭን ጭስ መጣ። አባ አደምን ሁለቴ አሳላቸው። እንደ ተከሳሽ ብድግ ብዬ ወደ ቤት ላስገባቸው ስል እጄን ያዙኝ። አየሩን አሸተት አሸተት አደረጉና ፈገግ አሉ።

«አትደንግጥ» አሉኝ። «ይሄ ያንተ አይደለም። ወላሂ፣ ያንተን አውቀዋለሁ።»