የተወለድኩበት ሙዚየም

የተወለዳችሁበት ክፍል ሙዚየም ከሆነ በኋላ ዕድሜ መደበቅ ትርፉ ድካም ነው። እኔ ትቼዋለሁ።

የተወለድኩት ከኦሎምፒያ ወረድ ብሎ በነበረ ትንሽ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ ከተዘጋ ቆየ። አሁን የአካባቢው ታሪክና ተቆፍሮ የወጣ ጥንታዊ ዕቃ የሚታይበት ሙዚየም ሆኗል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ውሰደኝ» አለች። እናቴ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም እንሂድ ስትባል «ጉልበቴን» የምትል ሴት ናት። ለሙዚየሙ ግን ጉልበቷ በአንድ ጊዜ ዳነ።

በሩ ላይ ስንደርስ ዘበኛውን፣ ካርድ የሚወጣው የት ነው ብላ ጠየቀችው። እሱም ሳይስቅ «እማማ፣ እዚህ ያሉት የመታከሚያ ጊዜያቸው ያለፈ ናቸው» አላት።

አስጎብኚያችን ትሁት ወጣት ሴት ነበረች። እሷ ስለ ድንጋይ መሣሪያ ስታስረዳ እናቴ በጎን የራሷን ማስጎብኘት ጀመረች። ይሄ መርፌ መውጊያው ነበር፤ እዚያ ጥግ ደግሞ አባትህ ተቀምጦ ያንኮራፋ ነበር። ሌሎቹ ጎብኚዎች ቀስ በቀስ ወደ እሷ ዞሩ። ማን ይፈርድባቸዋል? ድንጋይ አያንኮራፋም።

የመጨረሻው ክፍል ስንገባ ግን ከሁላችን ቀድማ ወደ መሃል ሄደች። መሃሉ ላይ መስታወት ውስጥ የተሰነጠቀ እንስራ ተቀምጧል።

«አልጋዬ እዚህ ጋ ነበር» አለች።

ከዚያ ነገረችን። ምጡ ጠንቶባት፣ ደም እየፈሰሳት፣ ሐኪሙ ወጥቶ አባቴን፣ ሁለቱንም ማትረፍ ካልቻልን ማንን እናስቀድም ብሎ እንደጠየቀው። አባቴም ሳያመነታ «እሷን» እንዳለ።

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ጸጉሬ ሸብቶ፣ ከአንድ እንስራ አጠገብ ቆሜ፣ የገዛ አባቴ እንዳልመረጠኝ ሰማሁ። ጎብኚው ሁሉ አየኝ። አስጎብኚዋም እንስራውን ትታ እኔን ታየኝ ጀመር።

እናቴ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገችው።

«ተቀይሜው ነበር» አለች። «ልጄን እንዴት እንዲህ ይላል ብዬ ስንት ጊዜ አኮረፍኩት። እስኪሞት ድረስ በሆዴ ይዤበት ነበር።»

ትከሻዋን አቅፌ «አሁንስ፣ እማዬ?» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ትንሽ አሰበች።

«አሁንማ» አለች፣ «ሰውዬው አርቆ አሳቢ ነበር።»