ለአንድ ዓመት የተራዘመ ከል

ማንም ሳይመርጠው ሕዝብ የሚወክል ሰው የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ደመወዝ የለውም፣ ወንበር የለውም፤ አስተያየት ግን አያልቅበትም። የኛ የማቴቴ ሰፈር ድርሻ ክቡር ቺሩዛ ናቸው።

ክቡርነታቸው የወንዝ ወደብ ጡረተኛ ናቸው። ጋዜጣ ሻጯ ማማ ኦዴት ጋዜጦቿን ገመዱ ላይ ሰቅላ ሳትጨርስ ይደርሳሉ። እኛ የኪንሻሳ ሰዎች ጋዜጣ አንገዛም። ቆመን የፊቱን ገጽ እናነብና የቀረውን በክርክር ራሳችን እንሞላዋለን። "የቁም ፓርላማ" የተባልነውም ለዚህ ነው። እኔም ዕድሜዬን ፍልስፍና ሳስተምር ኖሬ፣ በስተርጅና ተቃዋሚ ሆኜ የገባሁት እዚያው ነው።

የክቡርነታቸው ፖለቲካ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ "ይሄ ነገር ዋሺንግተን ሳታውቀው አልሆነም።" ዓሣ ሲወደድ ዋሺንግተን ናት። የባለታክሲው የፊስቶን ጎማ ሲፈነዳም ዋሺንግተን ናት። አንድ ቀን ይህንኑ ሲያስረዱ የሰፈሩ መብራት ድርግም ቢል፣ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው "አያችሁ? ሰምተውኛል!" አሉ።

ትልቁ በዓላቸው ግን በጥቅምት ይውላል። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት በአገራችን ምሥራቅ በሚካሄደው ጦርነት ምክንያት ያወጀውን አስቸኳይ ጊዜ፣ ጦርነቱን በሚያባብሱ ሰዎች ላይ ከጣለው ማዕቀብ ጋር፣ ለአንድ ዓመት ያራዝማል። ክቡርነታቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ዜናውን እንደ ቄስ ያነቡታል። ከዚያ የራሳቸው አዋጅ ይከተላል።

እናታቸው የሞቱት እዚያው ምሥራቅ፣ ከቡካቩ ከተማ ወዲያ ባለች መንደር ነው። መንገዱን ታጣቂዎች ዘግተውት ስለነበር የቀበሯቸው ጎረቤቶች ናቸው። ክቡርነታቸውም መቃብሯ ላይ ካልቆምኩ ከሌን አላወልቅም ብለው ማሉ። ታጣቂው ተቀያየረ እንጂ መንገዱ እንደሆነ አልተከፈተም። ስለዚህ በየጥቅምቱ ደረታቸውን ነፍተው፣

"በምሥራቁ ያለው ሁኔታ አሁንም ያልተለመደና ልዩ ስጋት በመሆኑ፣ ይህ ጥቁር ሸሚዝ ለአንድ ዓመት ተራዝሟል!" ይላሉ። ይጨበጨባል።

"ክቡር፣" እላለሁ እኔ፣ "በየዓመቱ የሚራዘም ነገር አስቸኳይነቱ ምኑ ላይ ነው? እሱማ ኑሮ ነው። መንገዱም አይከፈትም።"

"ፕሮፍ፣ አንተ ተስፋ መቁረጥህን ፍልስፍና ብለህ ትጠራዋለህ።"

ዘንድሮም መጡ። ዜናውን ዝቅ ባለ ድምፅ አነበቡ። አዋጁን ስንጠብቅ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ።

"እኔ ዘንድሮ አላራዝምም።"

"ምነው ፓፓ? አመመዎት?" አለች ማማ ኦዴት።

"ቅዳሜ ልጄን ንሲሚሬን እድራለሁ። 'አባባ፣ በከል ከምትሸኘኝ ባትመጣ ይሻላል' አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን አንዴ ካወለቅኩት…" የሸሚዛቸውን ቁልፍ ያዝ አደረጉ። "አንዴ ካወለቅኩት፣ እናቴ ጋ መሄዱን ተውኩት ማለት ነው።"

"እሰይ ክቡርነትዎ! ሸሚዙም እኮ ጡረታ ይገባዋል!" አለ ፊስቶን። የሳቀለት የለም።

ያን ሁሉ ዓመት የተከራከርኩትን ክርክር አሸንፌ ቆሜያለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያ መንገድ ተዘግቶም ቢሆን መንገድ ሆኖ የቆየው አንድ ሰው ስለሚጠብቀው ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ሰውየው ከተወው ሣር ይበቅልበታል።

"ሥነ ሥርዓት!" ብዬ ጮኽኩ። "ዋሺንግተን እንኳ ማዕቀብ ስትጥል ለእህልና ለመድኃኒት ቀዳዳ ትተዋለች፤ ልዩ ፈቃድ ይሉታል። ክቡርነታቸው ከዋሺንግተን ይብሳሉ? ከሉ ለአንድ ዓመት ይራዘም፤ ለቅዳሜ ብቻ፣ ሙሽራዋ እስክትሸኝ፣ ልዩ ፈቃድ ይሰጥ!"

"ጭፈራው እስኪያልቅ በሉት እንጂ!" አለች ማማ ኦዴት። "ሰውየው መሀል ላይ ሸሚዝ ሊቀይር ነው?"

"ማሻሻያውን ተቀብያለሁ።"

ክቡርነታቸው አፍጥጠው አዩኝ። "አንተ? አንተ ነህ ይራዘም የምትለው?"

"ድምፅ እየተሰጠ ነው፤ ዝም በል።"

የሁሉም እጅ ወጣ፣ የፊስቶንም ጭምር።

ቅዳሜ ክቡር ቺሩዛ ቢጫ ባለ አበባ ሸሚዝ ለብሰው ሩምባ ጨፈሩ። በክርናቸው ያልጎሸሙት እንግዳ አልነበረም። ንሲሚሬ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አልቅሳ ሄደች። ሰኞ ጠዋት ጥቁሩን ለብሰው ከጋዜጣው ገመድ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። የሆዳቸው ቁልፍ አልገጥም ብሎ ይታገላሉ።

"ቅዳሜን ተሰቅሎ ቢውል ጠበበኝ" አሉኝ። "ይሄ ነገር ዋሺንግተን ሳታውቀው አልሆነም።"

"ቺሩዛ፣ መንገዱ ሲከፈት ብቻህን እንዳትሄድ።"

"አንተ እኮ አይከፈትም ባይ ነህ።"

"አዎ፣ አሁንም ነኝ። በመኪናው መስኮት በኩል ያለው ወንበር ግን የኔ ነው።"