አሜሪካዊቷ የአያ ሐሰን መኪና

ስለ አንድ ነገር ጥቂት ማንበብ ጨርሶ ካለማንበብ ይብሳል። ያላነበበ «አላውቅም» ብሎ ይገላገላል፤ ጥቂት ያነበበ ግን ይጠየቃል። እኔ ቆቦ የታሪክ መምህር ነኝ። አንድ ሰሞን ስለ ጥንት የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች አነበብሁ። ጋሪ ሠሪውም ብስክሌት ሠሪውም ተነሥቶ የመኪና ፋብሪካ ከፈተ፤ አንዱ ሌላውን ገዛ፤ የተገዛው በገዛው ስም ተጠራ። ገባችሁ? እኔም አልገባኝም። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ማውራቴ ግን አልቀረም።

ወሬው ጎረቤታችን ሮቢት ከተማ ደረሰና ገበሬው አያ ሐሰን አስጠራኝ። ሟች አባቱ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ ወደ ቆቦ ሲያመላልሱ የኖሩባት አሮጌ የአሜሪካ መኪና ግቢው ውስጥ ቆማለች። አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ሊገዛት ፈልጓል፤ ግን ማን እንደ ሠራት ልወቅ ብሏል። ዝናብ ሁለት ዓመት ማሽላውን ስለ ከዳበት፣ ሐሰን በገንዘቡ የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር አስቧል።

ኮፋኖውን ከፈትሁ። አንዱ ዕቃ ከሌላው አይገጥምም። ጎረቤት ተሰብስቦ ያስረዳኝ ጀመር።

«ራዲያተሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ አንዱ።

«መብራቱን ከዋጃ ያመጣሁት እኔ» አለ ሌላው።

ባለ ወፍጮው ሰይድ ከሁሉ በላይ ጮኸ። «ሞተሩ የአባቴ ወፍጮ ሞተር ነው! ለሰው ነፍስ ብሎ እንጂ ለሽያጭ አልሰጠም። ወላሂ አትሸጥም!»

አብሮን የቆመው ገዥ ግራ ተጋባ። እኔማ ከጠዋት ጀምሮ ግራ እንደ ተጋባሁ ነኝ።

ይኼኔ የሰይድ እናት እማ ዘሐራ ከሰው መኻል ወጡ። «አንተ፣ የተወለድኸው እዚያች መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ቆቦ ሳንደርስ። እንግዲህ ሐሰንም ‹ሰይድ የኔ ነው› ይበላ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰይድ ብቻ አልሳቀም። ሄዶ ወንበሩን በእጁ ዳሰሰው። ቆይቶ፣ ፊቱን እንዳዞረ፣ «ሽጣት ወንድሜ፤ ከነሞተሯ» አለ።

አሁን ደግሞ ሐሰን እምቢ አለ። «እንዲህ ከሆነማ እንዴት አድርጌ እሸጣታለሁ?»

«ጉድጓዱስ?» አልሁት። ኮፋኖውን መልሶ ዘጋው። ገዥውም ባዶ እጁን ሄደ።

በማግስቱ ሰይድ ዶማ ይዞ መጣ፤ ባለ ራዲያተሩና ባለ መብራቱም ተከተሉት። ውሃው ገና አልታየም፤ ቁፋሮው ግን የሰው ቁመት አልፏል። ትናንት እዚያው ቆሜ ሳይ ገዥው ደወለልኝ።

«መምህር፣ ለመሆኑ መኪናዋን ማን ነው የሠራት?»

ያነበብሁትን ሁሉ ላስታውስ ብል አንዱም አልያዝ አለኝ።

«እርግጠኛ አይደለሁም» አልሁት፤ «ሠሪዎቿ ግን አሁን ጉድጓድ ውስጥ ናቸው።»